የባዶው ክፍል ሙቀት

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ እየወጣሁ ጭስ ማውጫ ስጠርግ ኖሬያለሁ። በሸለቆአችን ጥቁሩን የሥራ ልብሴን ለብሼ ሳልፍ ያየኝ ሁሉ ጠጋ ብሎ የኮቴን ቁልፍ ይነካል፤ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ቁልፍ ዕድል ያመጣል ይላሉ። ለእኔ ያመጣልኝ ነገር ቢኖር የላላ ቁልፍ መልሶ መስፋት ብቻ ነው። ጠባይሽ ክፉ ነው ይሉኛል፤ አልክድም። እርጥብ እንጨት እያነደደ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ደረቅ ነው" የሚለኝን ሰው አልታገሥም። ጣሪያው ላይ ስወጣ ጉዱን እንደማየው እያወቀ ለምን ይዋሸኛል?

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ወርዶ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሮስቪታ ከግራዝ ከተማ ደወለችልኝ። ሮስቪታ የአባባ ኤንግልበርትና የእማማ ቡርጊ አንድ ልጅ ናት። አብረን ነው የተማርነው። አሁን ከተማ ውስጥ ትልቅ መድኃኒት ቤት ታስተዳድራለች፤ ስታወራም ቃሉን እንደ መድኃኒት እየመዘነች ነው።

"ጌርሊንደ፣ የእናቴ ሳል አልለቀቃትም" አለችኝ። "መኝታ ቤታቸው በረዶ ነው። የማሞቂያው እንክብል ደግሞ ከአሁኑ ተጋምሷል። እስከ ፋሲካ ይበቃል የተባለው!"

"አራት ቶን አልነበር እንዴ ያስገባችሁት?"

"አራት ቶን! ቦቴው በቧንቧ ወደ ጎተራው ሲነፋው እዚያው ቆሜ ነበር እኮ። ሄደሽ እዪልኝ። ያየሽውን ሁሉ ጻፊ። ከገና በኋላ ለሦስቱ ነገሥታት በዓል እመጣለሁ፤ ቤቱ አይሞቅም ካልሽ ይዣቸው ነው የምሄደው።"

"እሺ የሚሉ ይመስልሻል?"

"እኔን አይሰሙም። ያንቺን ወረቀት ግን ይሰማሉ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባባ ኤንግልበርት ከዚያ በፊት በነበረው ጸደይ እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው እጃቸው ላይ እንዳለ ወደቁ። ግራዝ ወስደው ልባቸውን ቀደዱላቸው። ሐኪሙም፣ ከእንግዲህ መጥረቢያ በእጅዎ እንዳይነኩ አላቸው። ያ ቤት ደግሞ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞቀው እሳቸው በፈለጡት እንጨት ነው። ሳሎኑ ውስጥ አረንጓዴ የሸክላ ምድጃ አለ፤ ዙሪያውን መቀመጫ የተሠራለት፣ ግማሽ ክፍል የሚያህል። ፍልጥ ከሌለ ምድጃው የለም፣ ምድጃው ከሌለ ቤቱ የለም። ሮስቪታ ሁለት ምርጫ ሰጠቻቸው፤ ወይ እኔ ዘንድ መጥታችሁ አራተኛ ፎቅ ላይ ኑሩ፣ ወይ ቤቱን ማሽን ያሙቀው። ማሽኑን መረጡ።

በነሐሴ ማሞቂያው ምድር ቤት ተተከለ፤ አጠገቡ ያለው የድንች ማስቀመጫ የእንክብል ጎተራ ሆነ። እንክብል የምንለው ሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ የትንሽ ጣት አንጓ ታህላለች አንዷ። ማሞቂያው በጠመዝማዛ ብረት ራሱ እየሳበ ያነዳል፣ ውኃ ያሞቃል፣ ውኃው በቧንቧ ወደየክፍሉ ይሄዳል። ሰው እጁን ማንሣት የለበትም። "አንድ ክረምት እንሞክረው፤ ካልሆነ ግን ክርክር የለም" አለች ሮስቪታ። እንግዲህ ያ ክረምት የሁለቱ ሽማግሌዎች ፈተና ነበር። ቢወድቁ ቤታቸውን ሊያጡ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። በር የከፈቱልኝ አባባ ኤንግልበርት ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ድሮ በሩን ይሞላ የነበረው ትከሻቸው ሟሽሿል። ገና ሳልገባ ቁልፌን ያዙ።

"ይልቀቁኝ እንጂ! ባለፈው የነቀሉትን ገና ትላንት ነው የሰፋሁት።"

"በዕድል ይሰሰታል እንዴ?"

"ዕድል ፈልገው ነው ወይስ የደበቁት ነገር አለ?"

"እኔ ምን እደብቃለሁ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ፊት ማዞር ከየቤቱ አውቀዋለሁ።

ሳሎኑ ያፍናል። ውጭ በረዶው እስከ ጉልበት ደርሶ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማማ ቡርጊ ሦስት ሹራብ ደራርበው እያሳሉ ከማድ ቤት ብቅ አሉ።

"መስኮቱ ምን ሆኖ ነው?" አልኳቸው።

"ሙቀቱ በዛብን።"

"በሦስት ሹራብ?"

"እሱማ መኝታ ቤት ደርሼ ስመለስ ነው" አሉ። መኝታ ቤቱ ገብቼ አየሁት፤ ትንፋሼ ጉም ሠራ። "እዚህ ነው የሚተኙት?" ስላቸው፣ "ብርድ ለእንቅልፍ ጥሩ ነው" ብለው አልጋ ልብሱን አስተካከሉ። ተናደድኩ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ሳል ደረቷን እየቀደደው፣ ብርድ ጥሩ ነው ትለኛለች!

ምድር ቤት ወረድኩ። ማሞቂያው ምንም አልሆነም። አመዱ እንደ ዱቄት የላመ፣ ነጣ ያለ፣ በደንብ የነደደ ነው። ግን ስንት ጊዜ እንደተነሣ የሚያሳየውን ቆጣሪ ሳየው በቀን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይላል። ደህና ማሞቂያ አንዴ ከተነሣ ቀስ እያለ ለሰዓታት ይነዳል። ይሄኛው ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ይጠፋል። ሲነሣ ብዙ ይበላል፣ ቤቱ ሳይሞቅ ደግሞ ይጠፋል። አንድ ነገር እያታለለው ነው። ይባስ ብሎ አንድ ሰው የሙቀቱን ማዞሪያ እስከ ጥግ ድረስ አዙሮታል።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ቤቱ ሁለት ጭስ ማውጫ አለው። የማሞቂያው ውስጡ ደረቅ አቧራ ብቻ ነው፤ ብሩሼ ወርዶ ወጣ፣ አለቀ። የሸክላው ምድጃ ጭስ ማውጫ ግን ብሩሼን ግማሽ መንገድ ላይ ያዘው። ጎትቼ ሳወጣው ጫፉ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ቅጥራን ተለጥፏል። ገና አዲስ ነው። እርጥብ እንጨት ሳምንታት ሙሉ የነደደበት ነው። ይሄ ቅጥራን አንድ ቀን እሳት ቢይዘው ጣሪያው አብሮ ይሄዳል። "ከጸደይ ወዲህ አልተነካም" ብላ ሮስቪታ የነገረችኝ ምድጃ እኮ ነው!

እየተንደረደርኩ ወርጄ ሳሎን ገባሁ። ሸክላውን በመዳፌ ነካሁት፤ ሞቅ ብሏል። ቀና ስል ደግሞ ከምድጃው በላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት ነጭ ሣጥን ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። የማሞቂያው የሙቀት መለኪያ ናት። ቤቱ ሞቋል ወይስ በርዷል ብላ ለማሽኑ የምትነግረው እሷ ናት።

"ይቺን እዚህ ማን ሰቀላት?"

"ማሞቂያውን የተከለው ሰው 'ብዙ ጊዜ የት ነው የምትቀመጡት?' ብሎ ጠየቀን" አሉ አባባ ኤንግልበርት። "እዚህ አልነው።"

በሸለቆአችን ማንንም ጠይቁ፣ ወደ ምድጃው መቀመጫ ነው የሚጠቁማችሁ። ልጅ እዚያ ይደርቃል፣ ሽማግሌ እዚያ ያሸልባል፣ ጋብቻ እዚያ ይጠየቃል። ሰውዬውም እንደታዘዘ ሰቀላት። እና ምድጃው ሲነድ መለኪያዋ "ሞቋል" ትላለች፣ ማሽኑ ይጠፋል፣ መኝታ ቤቱ ይበርዳል። ሳሎኑ ሲያፍናቸው መስኮት ይከፍታሉ፣ ብርዱ መለኪያዋ ላይ ይወርዳል፣ "በረድን!" ትላለች፣ ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ይነሣል። እንዲህ ስትቀባጥር ሁለት ወር።

"አባባ" አልኩ፣ "ማነው የሚያነደው?"

አባባ ኤንግልበርት መቀመጫው ላይ ቁጭ አሉ። እማማ ቡርጊ ማድ ቤት ድስት ያንኳኳሉ።

"ቀስ ብለሽ አውሪ" አሉኝ። "ያገባኋት ጊዜ ከከተማ ነበር የመጣችው፤ በስስ ጫማ። የመጀመሪያው ጠዋት እግሯን ነካሁት፣ በረዶ። ተነሥቼ ምድጃውን ለኮስኩና፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ አትነሺም አልኳት። ሃምሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላጓደልኩም። ከታመምኩበት ጊዜ በቀር።"

"አሁን እኮ ማሽን አለ።"

"ማሽኑ ስሟን ያውቃል?"

ብሩሼን ጠረግኩ።

"ትንሽ ነው የማነደው" አሉ። "አንድ እቅፍ ብቻ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ እሷ ሳትነቃ። ፍልጡ ከመቀመጫው ሥር ሣጥኑ ውስጥ አለ።"

"መጥረቢያ ይዘዋል?"

"በልጄ እምላለሁ፣ አልነካሁም! ፍልጡ የአምና ትራፊ ነው።"

"አንድ እቅፍ የሚይዝ ሣጥን ሁለት ወር ሙሉ አያልቅም እንዴ?"

ጣታቸውን እያዩ፣ "አልጠየቅኩም" አሉ። "የጠየቅኩ ቀን የሚያልቅ መሰለኝ።"

ማድ ቤት ገብቼ እማማ ቡርጊን በክንዳቸው ይዤ ወደ እንጨት ማከማቻው ወሰድኳቸው። ምንም ሳልጠይቅ ጀመሩ።

"ሌላ ምን ላድርግ? ከሆስፒታል ሲመለስ ከአልጋ አልነሣም አለ። አላዘነም፣ አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ ጣሪያ ያያል። እኔ እኮ የማውቀው ሲጨቃጨቅ ነው። በጥቅምት አንድ ጠዋት ክብሪት ሲጭር ሰማሁ። ከዚያ ፉጨት ሰማሁ፤ ያቺን ቅጥ የሌላት ፉጨቱን። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። በየጠዋቱ እንደዚያ ነኝ። ሐኪሙ የከለከለው መጥረቢያ ነው፣ ክብሪት መች ከለከለ?"

"እና ሣጥኑን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት።"

"ከሰዓት ሲያሸልብ።"

"ከየትኛው ክምር?"

ወደ ፊተኛው ጠቆሙ። ያ የዘንድሮው ነው። አባባ ኤንግልበርት የወደቁ ዕለት ሲፈልጡት የነበረው፣ ገና ውኃው ያልወጣለት ጥድ። የሦስት ዓመቱ ደረቅ ከኋላ ነው፤ ከእማማ ቡርጊ ራስ በላይ ተከምሯል፣ እጃቸው አይደርስም። ሳሉ ሲብስባቸው ምድር ቤት ወርደው ማዞሪያውን እስከ ጥግ ያዞሩት እሳቸው ናቸው። ለባላቸው ደግሞ በረደኝ ማለት አልፈለጉም። "በረደኝ ካልኩት እሳቱ አይረባም ማለት ነዋ" አሉኝ። እዚያ ፍልጥ መሃል ቆሜ ሁለቱንም ወደድኳቸው፤ ሁለቱንም በጥፊ ብላቸውም ደስ ባለኝ።

ሒሳቡ ግን አልገጠመልኝም። መለኪያዋ ብትቀባጥርም ሁለት ቶን በሁለት ወር ተኩል አትጨርስም። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ሁለቱ ክፍሎች ዕቃ ማስቀመጫ ናቸው፤ ዝግ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደሚገባው። ሦስተኛውን በር ስከፍት ሙቀት ፊቴን ገጨኝ። የሮስቪታ የልጅነት ክፍል ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ አንሶላው ተተኩሷል፣ የሌሊት ልብስ ትራስ ላይ ተጣጥፏል። የግድግዳው ማሞቂያ መዘውር የመጨረሻው ቁጥር ላይ ነው። መስኮቱ ደግሞ ለንጹሕ አየር ተብሎ ከላይ ገርበብ ብሏል፤ የአገሬ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ አየር ይግባ ነው የሚለው። ከመስከረም ጀምሮ ያ ሁሉ እንክብል በዚያች ክፍተት ወደ ተራራው ሲተንን ከርሟል።

እማማ ቡርጊ ደረጃው ላይ ተከትለውኝ ኖሯል።

"ድንገት ብትመጣስ?" አሉ። "ደክሟት ብትመጣስ? በቀዝቃዛ አልጋ ትተኛልኝ?"

"ከመስከረም ወዲህ ስንት ጊዜ መጣች?"

"ሁለቴ።"

"አደረች?"

"ሥራ አላት እኮ" አሉና ያልተጨማደደውን አንሶላ ዳበሱት። ከዚያ እጄን ያዙ። "ጌርሊንደ፣ ስለ ሽማግሌዬ እሳት ጻፊ። ስለ ፍልጡም ጻፊ። ይሄን ግን አትጻፊ። ለምን አትመጪም ብዬ የወቀስኳት ይመስላታል።"

ቃል አልገባሁላቸውም። ወረቀት ላይ አልዋሽም፤ ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል?

በዚያው ሳምንት ሥራዬን ሠራሁ። ቅጥራኑን በብረት ሰንሰለት ስፍቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መለኪያዋን ከምድጃው ነቅዬ መኝታ ቤታቸው በር ፊት ለፊት ያለው ኮሪደር ላይ ሰቀልኳት። ማዞሪያውን መለስኩት። በሦስተኛው ቀን መኝታ ቤቱ ሞቀ፤ ማሽኑም በቀን አራት አምስት ጊዜ ብቻ እየተነሣ ቀስ ብሎ መንደድ ጀመረ። ምድጃውን ግን ለጊዜው ዘጋሁት። አባባ ኤንግልበርት ቁልፌን ሳይነኩ ሸኙኝ። የሮስቪታን ክፍል እማማ ቡርጊ አላስነኩኝም። እንክብሉ በዚህ ከቀጠለ ፋሲካን አያይም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቤታቸውን ቢያጡ ይሻላቸዋል፣ የልጃቸውን አልጋ ከማቀዝቀዝ።

የሦስቱ ነገሥታት ዕለት፣ ገና ካለፈ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ነገሥታቱን መስለው ቤት ለቤት የሚዘምሩት ልጆች በሩ ላይ በጠመኔ የጻፉት በረከት ገና አልደበዘዘም። የሮስቪታ መኪና ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ የኋላ ወንበሩ ባዶ ካርቶን ነው። አንድ ደርዘን ይሆናል። ዕቃቸውን ልትጭን ነው።

ሮስቪታ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ እንደቆመች ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ወላጆቿ መቀመጫው ላይ ጥፋት የተገኘባቸው ተማሪዎች መስለው ተቀምጠዋል። ጮክ ብላ ታነባለች።

"'የቤቱ ባለቤት በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ምድጃ ያነዳሉ።' አባዬ!"

"ትንሽ ነው" አሉ አባባ ኤንግልበርት።

"'ባለቤታቸው ፍልጡን በድብቅ ያቀርባሉ፤ ያውም እርጥቡን።' እማዬ!"

"አንቺ?" አሉ አባባ ኤንግልበርት ወደ ሚስታቸው ዞረው። "አንቺ ነሽ?"

"ታዲያ መላእክት መስለውህ ነው?" አሉ እማማ ቡርጊ።

ሽማግሌው ሊስቁ ነው ሊያለቅሱ ሳይለይ የሚስታቸውን እጅ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዙ። ሮስቪታ ግን ወደ ቀጣዩ መስመር አልፋለች፤ ይህኛውን ለራሷ ነው ያነበበችው። የጻፍኩት ይህን ነው፦ 'ላይኛው ፎቅ፣ ሰው የማያድርበት አንድ ክፍል፣ ከመስከረም ጀምሮ ቀንና ሌሊት በሙሉ ኃይል ይሞቃል። ትልቁ ብክነት ይኸ ነው። ምክንያቱ፦ ልጃቸው ድንገት ከመጣች እንዳይበርዳት።'

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ላይ ወጣች።

"ጻፍሽው" አሉኝ እማማ ቡርጊ።

"ጻፍኩት።"

"ክፉ ነሽ።"

"ሁሉም ይሉኛል።"

ብዙ ቆየች። ከላይ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። ሾርባው ቀዘቀዘ። በኋላ መስኮት ሲዘጋ ሰማን። ስትወርድ ካፖርቷን አውልቃለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"መስኮቱን ዘጋሁት" አለች። "መዘውሩንም ወደ ዝቅተኛው፣ ወደ በረዶዋ ምልክት መለስኩት።"

እማማ ቡርጊ ተነሡ። "ድንገት ብትመጪስ?"

"ድንገት አልመጣም፣ እማዬ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። ያን ጊዜ መዘውሩን ክፈቱልኝ። እስክደርስ ይሞቃል።"

"ማነው የሚከፍተው?" አሉ አባባ ኤንግልበርት፣ ሰው እንዳይቀድማቸው የፈሩ ይመስል።

ሮስቪታ አባቷን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። "አንተ ነህዋ፣ አባዬ። ሌላ ማን ያሞቅልኛል?"

ካርቶኖቹ የሽማግሌዎቹን ዕቃ ጭነው ወደ ግራዝ አልተመለሱም። ሮስቪታና እኔ ከኋላው ክምር የሦስት ዓመቱን ደረቅ ፍልጥ እየሞላን ሳሎን አስገባንባቸው። ለእሑድ ብቻ ፈቅጃለሁ፤ እሑድ ጠዋት አንድ እቅፍ። አባባ ኤንግልበርት ሁለት ካልሆነ ብለው ተከራከሩኝ፣ አላሸነፉም። ስወጣ ሮስቪታ በሩ ድረስ መጥታ የኮቴን ቁልፍ ያዘች፤ ከልጅነታችን ወዲህ አድርጋው አታውቅም። እጇን አላስለቀቅኳትም።

ለመጨረሻው ጥርጊያ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ሄድኩ። ጎተራው ውስጥ ገና እስከ ጉልበቴ የሚደርስ እንክብል አለ። የእማማ ቡርጊ ሳል ለቋቸዋል። ዓርብ ከሰዓት ስለነበር አንድ መለኪያ የፕሪም አረቄ ቀድተውልኝ ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። አባባ ኤንግልበርት ሁለተኛ ሳይጮህ አነሡት። "እሺ ልጄ" ብቻ ብለው ዘጉና ደረጃውን ያዙ፤ በየሦስት ደረጃው እየቆሙ፣ እያረፉ።

እኔ ልውጣ ልላቸው ነበር፤ እማማ ቡርጊ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አስቆሙኝ። ጣሪያውን እያዩ ያዳምጣሉ። ላይ ቤት በሩ ተከፈተ፣ መዘውሩ ሲጥ አለ። ከዚያ ያቺ ቅጥ የሌላት ፉጨት መጣች።

"ለኮሰው" አሉ እማማ ቡርጊ፣ አረቄዬን እየደገሙልኝ።